ላቀች ያላየችው ፊልም

የላቀችን መሞት የሰማሁት አሰንዳቦ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ጎማ እስኪቀየርለት ወርደን ቆመን ሳለ፣ መንገድ ዳር ሙዝ የምትሸጥ አንዲት ሴት ትክ ብላ አየችኝና፣ «አንቺ የመጋዘኗ ሙሉ አይደለሽም?» አለችኝ። ድሮ አብራን ቡና የለቀመች ናት፤ እኔ ስሟ ጠፍቶኝ ነበር። ስለ ልጅ ስለ ትዳር ተጠያየቅን። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ላቀች እኮ ዐረፈች፣ አልሰማሽም? ከተቀበረች ወር አለፋት» አለችኝ።

«ማን ቀበራት?» አልኩ። ጅማ ውስጥ አንድም ዘመድ እንዳልነበራት አውቃለሁ።

«ሰው ሁሉ! የሄርማታ ሰፈር እንዳለ ሱቁን ዘግቶ ነው የወጣው።»

የሄርማታ ነጋዴዎች ለአንዲት ጴንጤ፣ ያውም ቡና ለቃሚ ለነበረች ሴት ሱቃቸውን ለምን እንደዘጉ ሴትየዋ አላወቀችም። እኔ አውቃለሁ። አውቶቡሱ ተነሣ። ጅማ እስክንገባ ድረስ በሐሳቤ የነበረችው ላቀች ብቻ ናት።

ያወቅኳት ደርግ በመጣ በሦስተኛው ወይ በአራተኛው ዓመት፣ እኔ የሃያ ዓመት ልጅ ሆኜ ቡና ለቀማ ስቀጠር ነው። መጋዘኑ ውስጥ ከመቶ የማናንስ ሴቶች በረጃጅም ጣውላዎች ግራና ቀኝ ተደርድረን፣ ጥቁሩን፣ የተሰባበረውን፣ ነቀዝ የበላውን ፍሬ ከደህናው እንለያለን። ዓይን ይፈዛል፤ ወገብ ይቆረጣል፤ አቧራው ጉሮሮ ይይዛል። ሥራ የሚፈታው ጆሮ ብቻ ነው። ያንን ጆሮ የምትመግበው ላቀች ነበረች።

ላቀች የከምባታ ሰው ናት። የጭነት መኪና ረዳት የነበረ ባሏ በልጅነቷ ጅማ አምጥቶ አስቀመጣት፤ ከዚያ እሱ በአንዱ ጉዞው ወጥቶ ቀረ። የተወላት ነገር ቢኖር የሲኒማ ፍቅር ነው። በየቅዳሜው የስምንት ሰዓቱን ፊልም ሳታይ አትቀርም። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ጣውላው ጋ ገና ሳንቀመጥ ኦሮሞዎቹ፣ «ላቀቼ፣ ማል አርጊቴ?» ይሏታል፤ ምን አየሽ ማለታቸው ነው። እሷም በአማርኛ ጀምራ፣ ኦሮምኛ ጨምራ፣ ሲጨንቃት ከምባትኛም ጣል አድርጋ ፊልሙን ከሥር ከመሠረቱ ታወርደዋለች።

ረዥም፣ አጥንታም ሴት ነበረች። ስትናገር ግራ ዓይኗን ትጨፍናለች። እጇ ግን መልቀሙን አይተውም፤ የሚቆመው በፊልሙ ውስጥ ያለው ሰው አደጋ ላይ ሲወድቅ ብቻ ነው። ያኔ የመቶ ሴት እጅ አብሮ ይቆማል። ካቦው፣ «ላቀች፣ ሰውየውን ቶሎ አድኚውና ሥራ ይቀጥል!» እያለ ይጮህ ነበር።

አስተያየት ያልሰጠችበት ፊልም የለም። «እነዚህ ሕንዶች ዝናብ ከጣለ ይዋደዳሉ። በዝናቡ ቢሆን ጅማ ውስጥ ፈት ባልተገኘ ነበር» ትላለች። የካራቴ ፊልም ስታይ የሚያናድዳት አንድ ነገር ነበር፤ «አንዱ ሲደባደብ ሌሎቹ ቆመው ተራ ይጠብቃሉ። የት አገር ነው ተራ ጠብቆ የሚደበድብ?» የመስኮብ ፊልም በብዛት መምጣት ሲጀምር ደግሞ፣ ግራና ቀኝ አይታ፣ «ልጅቷ ባቡር ጣቢያ ቆማ ትቀራለች። ሁልጊዜ! አንድ ቀን እንኳ ሰውየውን ባቡሩ ያምልጠውና ይቅርላት» ትላለች።

«ቋንቋውን ሳትሰሚ እንዴት ይገባሻል?» ብዬ ጠይቄያት ነበር።

«ለማልቀስ ምን ቋንቋ ያስፈልጋል?» አለችኝ።

አንድ ቅዳሜ እኔንም ይዛኝ ሄደች። ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ወረፋ ይዘን ሳለ፣ ማን ከማን ጋር እንደመጣ፣ የማን ጫማ አዲስ እንደሆነ፣ የትኛዋ ሚስት ባሏን ዋሽታ እንደወጣች በሹክሹክታ ነገረችኝ። «አገሬ ሳለሁ የማለቅሰው ከማውቀው ሰው ጋር ብቻ ነበር» አለችኝ። «ከተማ ማለት፣ ሙሉዬ፣ የማያውቅሽ ሰው አጠገብሽ ተቀምጦ አብሮሽ የሚያለቅስበት ቦታ ነው።» ይህን ያለችው ከተማው እርስ በርሱ መተማመን ባቆመበት፣ ሰው ጎረቤቱን ሰላም ለማለት እንኳ ቀድሞ ዙሪያውን በሚያይበት ጊዜ ነው።

የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት ያኔ ታሽጎ ነበርና በየቤቱ ተደብቀው ነበር የሚጸልዩት። ሽማግሌዎቻቸው ሲኒማ የሰይጣን ቤት ነው ብለው ገሠጿት። «ሰይጣን ከሆነ የሚያሳየን ታዲያ መጨረሻ ላይ ክፉው ለምን ይሸነፋል?» ብላ መለሰችላቸው። ቢሆንም ሃይማኖቷን በአንድ ነገር ሲኒማ ውስጥም ይዛ ገብታለች፤ ስለ ፊልም አትዋሽም። አንዴ ሁለት ፍቅረኞች የሞቱበትን ፊልም ስትነግረን ሴቶቹ አለቀሱና፣ «እባክሽ አድኚልን፤ ቢያንስ ልጅቷን አትርፊልን!» ብለው ለመኗት። አዴ መርየም የሚባሉት አሮጊት እግሯ ላይ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም። ላቀች ዓይኗን ገለጠችና፣ «አዴ፣ እኔ አይቼ የመጣሁ ምስክር ነኝ። በሐሰት አትመስክር ተብያለሁ። ሞታለች፤ ምን ላድርግ?» አለች።

ከለቃሚዎቹ መካከል አስካለ የምትባል ነበረች። በቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ውስጥ ሥልጣን ነበራት፤ መጋዘን ውስጥ የሚነገረው ሁሉ ቀበሌ እንደሚደርስ እናውቃለን፤ በማን በኩል እንደሆነም እናውቃለን። ክፉ ፊት አልነበራትም። የላቀችን ፊልም እንደ ማናችንም አፏን ከፍታ ነበር የምትሰማው። በዚያ ሰሞን ግን ቦታዋን ለውጣ ዘሃራ አጠገብ ተቀመጠች። ዘሃራ የሄርማታ ልጅ ናት፤ አባቷ ወፍጮ ቤት ነበራቸው። ነጂብ የሚባል ተማሪ ወንድሟ ከጠፋ ወራት አልፎታል፤ ስሙን ጮክ ብሎ የሚጠራ አልነበረም። አስካለ ዘሃራ ምሳ ስትበላ አብራት ትበላለች፤ ውኃ ልትጠጣ ስትነሣ አብራት ትነሣለች፤ ማታ እስከ ሄርማታ መታጠፊያ ድረስ አብራት ትሄዳለች። እኛም ለዘሃራ አንድ ቃል ሹክ ማለት እስኪያስፈራን ድረስ ራቅናት።

በዚህ መሃል ነው ያቺ ሰኞ የመጣችው።

ላቀች ያን ቀን ስትገባ ፊቷ አመድ መስሏል። «ማል አርጊቴ?» ሲሏት «የሕንድ ነው» አለች። ዓይኗን አልጨፈነችም፤ እጇን ጣውላው ላይ አድርጋ ሳትለቅም ጀመረች።

«አንድ ልጅ አለ። ተማሪ ነው። ወታደሮች ይፈልጉታል። ከወፍጮ ጀርባ፣ አባቱ ቤት፣ ኮርኒስ ውስጥ ተደብቋል። እህቱ ማንም አላወቀብንም ብላ ታስባለች። እነሱ ግን አውቀዋል።»

እኔ ከላቀች ቀጥሎ ነበር የምቀመጠው። መጀመሪያ የገረመኝ ዘፈን አለመኖሩ ነው። ላቀች የሕንድ ፊልም ስትነግር ዘፈን አትዘልም፤ ታንጎራጉረዋለች እንጂ። ደግሞም ሲኒማ ቤቱ በር ላይ የተለጠፈውን ሥዕል ዐርብ ዕለት አይቼዋለሁ፤ አንገቷ ላይ የአበባ ጉንጉን ያጠለቀች ሙሽራ ናት እንጂ ወታደር የሚባል የለበትም። ቀና ብዬ ዘሃራን አየኋት። ጣቶቿ መካከል የያዘቻትን አንዲት ፍሬ ታገላብጣለች፤ ታገላብጣለች፤ አትጥላትም።

«አለቃቸው ምን ይላል መሰላችሁ» አለች ላቀች፤ «‹ነገ ሊነጋጋ ሲል እንገባለን፤ በፊት ለፊትም በጓሮም› ይላል። ነገ።»

አስካለ፣ «ዘፈኑስ?» አለች።

«ዘፈን የለውም።»

«የሕንድ ፊልም ሆኖ?»

«የለውም አልኩሽ፣ አስካለ።»

ያን ጊዜ ዘሃራ ተናገረች። ድምጿ ደርቆ ነበር። «እህትየውስ? ምን አደረገች?»

ላቀች አላየቻትም። ካቦው የቆመበትን በር እያየች፣ «ገና ሳይመሽ አስወጣችው» አለች። «የእናቷን ልብስ አልብሳ፣ ፊቱን ሸፍና፣ ቅርጫት አሸክማ ከገበያተኛ ጋር ቀላቅላ ሸኘችው። ሲመጡ ባዶ ቤት ጠበቃቸው። በቃ፤ እዚህ ላይ ያልቃል።» ከዚያም ሥራዋን ጀመረች።

እስከ መውጫ ሰዓት ድረስ ዓይኔ ከዘሃራ አልተነሣም። ዘሃራ ብትነሣና ብትሄድ ያለቀላት ነው። አልተነሣችም። እንደ ማናችንም ለቀመች፤ ምሳዋን ከአስካለ ጋር በላች፤ አንዴ እንዲያውም ስትስቅ ሰማኋት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሻሿን አስተካክላ፣ ከአስካለ ጎን ቀስ ብላ ወጣች።

በማግሥቱ ሊነጋጋ ሲል አብዮት ጠባቂዎች በፊት ለፊትም በጓሮም ገቡ። ኮርኒሱን ቀደዱት፤ የእህል ጆንያውን ሁሉ ዘረገፉት። ያገኙት የለም። አባትየውን ደብድበው ወሰዷቸው፤ በሳምንታቸው ተለቀቁ። ዘሃራ ዘግይታ ሥራ ስትገባ አንድ ጉንጯ አብጦ ነበር። ማንም ምን ሆንሽ አላላትም። ከቀናት በኋላ ከሰኮሩ አንድ ዘመዳቸው፣ «የላካችሁት ቅርጫት በደህና ደርሷል» ብሎ ላከ አሉ።

ረቡዕ የቀበሌያችን ካድሬ ጓድ ታፈሰ መጋዘኑ መጣ። ካኪ ሸሚዝ የለበሰ፣ ሽጉጥ የታጠቀ፣ ረጋ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ሥራ አስቆመ።

«ላቀች የምትባለው ማናት?»

ተነሣች።

«ፊልም አዋቂ ነሽ ይሉኛል። እስቲ የቅዳሜውን ለእኔም ንገሪኝ። እኔም አይቼዋለሁ፤ እናስተያየዋለን።»

እውነተኛውን ብትናገር፣ ሰኞ የነገረችን ከየት መጣ ሊባል ነው። የሰኞውን ብትደግም፣ ሰውየው ፊልሙን አይቶታል።

«የቅዳሜውን አላየሁትም፣ ጓድ» አለች ላቀች።

«ገብተሽ ነበር። ትኬት የሚቆርጠው ያውቅሻል።»

«መግባቱንስ ገብቻለሁ። መብራቱ ሲጠፋ እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ ሰው እየወጣ ነው።»

«ታዲያ ሰኞ ምኑን ነገርሻቸው?»

«ፈጠርኩት።»

«ፈጠርሽው?»

«ሁልጊዜም እፈጥራለሁ፣ ጓድ። ገብቼ እተኛለሁ፤ ሰኞ ያሻኝን አወራለሁ። እነዚህ ምን ያውቃሉ?»

ታፈሰ ወደ እኛ ዞረ። «እውነት ነው? ውሸታም ናት?»

አሁንም የሚገርመኝ የአዴ መርየም ፍጥነት ነው። «እሷን ማን ያምናታል፣ ኢልማ ኮ!» ብለው እጃቸውን አወናጨፉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «አምና የገደለችውን ዘንድሮ ታስነሣዋለች!» አንዷ ሳቀች፤ ሌላዋ ተከተለች። ወዲያው ሁሉም ላቀችን እየጠቆመ መሳቅና መሳደብ ያዘ፤ ቀጣፊ፣ አፈ ቅቤ፣ ሥራ ፈት። እሷ ራሷን አቀርቅራ መሃል ቆማለች።

ታፈሰ እኔን ጠቆመኝ። «አንቺ፣ አጠገቧ የምትቀመጪው?»

«ውሸታም ናት፣ ጓድ» አልኩ። «ጊዜ እንዲሄድልን ብለን ነው የምንሰማት።» እንዲህ ያለ ከባድ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

ሰውየው ለመሄድ የዳዳው መሰለ። ከዚያ፣ «አስካለ፣ አንቺስ?» አለ።

ሳቁ ሁሉ ጠፋ። አስካለ መጀመሪያ ላቀችን፣ ከዚያ ሰውየውን አየች።

«እኔ ሦስት ዓመት ሰምቻታለሁ፣ ጓድ» አለች። «አንድም ቀን ዋሽታ አታውቅም። ለምነናት እንኳ የሞተ አላስነሣችም።»

በዚያ ቀን ከመቶ ሴት መካከል ስለ ላቀች እውነቱን የተናገረችው አስካለ ብቻ ናት። ላቀችን ይዘዋት ሄዱ።

አምስት ወር ታሰረች። ስንቅ እየተፈራረቅን አደረስን፤ ፊቷን ግን አላሳዩንም። ስትፈታ ፀጉሯ ተላጭቷል፤ የውስጥ እግሯን ተገርፋ እያነከሰች ነው የምትሄደው። ካቦው ደህና ሰው ነበርና ወደ ቦታዋ መለሳት። አንድ ቀን ከሥራ ስንወጣ ክንዷን ይዤ ቀስ እያልን ስንሄድ፣ ሁሉን ነገረችኝ።

«ፊልሙ መሃል ላይ ዕረፍት ሲሆን ነው የሰማሁት» አለችኝ። «ከፊቴ ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል። ወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ኮርኒሱ ውስጥ፣ ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል ይላል አንዱ። ዘወር ሲል አየሁት፤ ታፈሰ ነው። እሑድ ቤታቸው እንዳልሄድ በራቸው እንደሚጠበቅ አውቃለሁ።»

«ታፈሰ ራሱ?»

«ራሱ። ታዲያ እሱም እስር ቤት ውስጥ ማን ነገረሽ ብሎ ሲያስገርፈኝ፣ መልሴን ከእኔ ይልቅ የሚፈራው እሱ ነበር። ከሲኒማ ቤት ብል እኔም አልተርፍ፣ እሱም ማን አፉን ከፈተ መባሉ አይቀርለት። እኔ ተኝቼ ነበር አልኩ፤ እሱም በመጨረሻ ተኝታ ነበር ብሎ ጻፈ።» ትንሽ ሄድንና ቆመች። «መብራቱ ጠፍቶ ፊልሙ ሲቀጥል፣ ሙሉዬ፣ እናትየዋ ስትሞት አለቀሰ። በመሐረብ ሲጠርግ አየሁት።»

«ነፍስ አድነሻል እኮ» አልኳት።

«አውቃለሁ። እግዚአብሔርም ያውቃል። ግን ያ ፊልም ሳይነገር ቀረ።»

ቅዳሜ ቅዳሜ ሲኒማ መግባቷን ቀጠለች፤ ሰኞ ሰኞ ግን ዝም። ሴቶቹ መጀመሪያ ለመኗት፤ ኋላ ተዉአት። እንዲህ ሆኖ ዓመት አለፈ። ዘሃራ አንድ ቀን እንኳ አመሰግናለሁ ልትላት አልቻለችም፤ ምክንያቱም ማመስገን የሆነውን ማመን ነው። ጠዋት ጠዋት ግን ከእኛ ሁሉ ቀድማ ገብታ የላቀችን መቀመጫ አቧራ ታራግፍላታለች።

ከዚያ ታፈሰ ወደ ሰሜን ተዛወረ ተባለ። አስካለ ግን አለች፤ ሥልጣኗም አለ። በአንድ ዝናባም ሰኞ፣ ዝናቡ የመጋዘኑን ቆርቆሮ እየደበደበ ሳለ ላቀች እጇን ጣውላው ላይ አሳረፈች። ለቀማውን አቆመች። አየናትና እኛም አቆምን።

«አስካለ» አለች።

«አቤት» አለች አስካለ።

«ያን የቅዳሜ ፊልም አይቼዋለሁ። አልተኛሁም ነበር። ልንገራቸው?»

ይህች አንዲት ቃል ቀበሌ ብትደርስ ላቀች ብቻ ሳትሆን ዘሃራም፣ አባቷም፣ የሳቅን ሁላችንም ተጠያቂ ነን። አዴ መርየም ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ዱዓ ያዙ። አስካለ ቡናው ላይ አቀረቀረች። ቀና ስትል ዓይኗ ቀልቷል።

«ዝናቡ ይጮሃል» አለች። «እኔም እንድሰማ ድምፅሽን ከፍ አድርጊው።»

ላቀች ግራ ዓይኗን ጨፈነች። የልብስ አጣቢው ልጅና የሀብታሙ ልጅ እንዴት ወንዝ ዳር እንደተገናኙ፣ አባትየው እንዴት እንዳሳደደው፣ እናትየዋ በየትኛው ዘፈን መሃል እንደሞተች፣ ሠርጉ ላይ ስንት ዝሆን እንደነበረ፣ አንድም ሳታስቀር ነገረችን። ዘፈኖቹን ሁሉ አንጎራጎረች። ካቦው በሩ ጋ ቆሞ ሰማ እንጂ ሥራ ይቀጥል አላለም።

ስትጨርስ አዴ መርየም እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ዋላሂ፣ ጥሩ ፊልም ነው!» አሉ።

«አይ አዴ» አለች ላቀች። «እንደ እውነቱ ከሆነ ይሄ ፊልም አይረባም። እኔ የፈጠርኩት ይሻላል።»

መጋዘኑ በሳቅ ተናጋ። አስካለ ሳትቀር ሳቀች። ዘሃራ ብቻ አልሳቀችም፤ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ጣውላውን ዞረችና በሁላችን ፊት በላቀች ጉልበት ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ላቀችም ቡና አቧራ የለበሰ እጇን ራሷ ላይ ጫነችላት።